«ልጄ በስንት ዓመቷ የት መድረስ አለባት?»

የአንዲት እናት ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ቴኒስ ትጫወታለች፤ እኩዮቿን ሁሉ ታሸንፋለች። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር በ16 ዓመቷ የፈረንሳይን የታዳጊዎች ዋንጫ እንዳነሳች አነበብኩ። ስለዚህ የኔ ልጅ የቀራት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። አሰልጣኟ ‹የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን ትውሰድና ትምህርቱን ትታ ቀኑን ሙሉ ትለማመድ፤ በ16 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ትሆናለች› ይለኛል። አባቷ ግን በፍጹም አይስማማም። አንዲት ፕሮፌሽናል ተጫዋች በስንት ዓመቷ ምን ላይ መድረስ ነው ያለባት?»

ስሌቱ ከመነሻው ተሳስቷል። ጃበር በ2011 በሮላንድ ጋሮስ፣ ማለትም በፈረንሳይ ኦፕን፣ ያነሳችው ዋንጫ የታዳጊዎች ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዋናው የሴቶች ውድድር፣ ማለትም በደብሊው ቲ ኤ፣ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያገኘችው በጁን 2021 እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ ነው። ያኔ 26 ዓመቷ ነበር። በሁለቱ ዋንጫዎች መካከል አሥር ዓመት አለ። እርስዎ የቆጠሩት እስከ 16 ያለውን ሦስት ዓመት ነው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብለው እንዲያዩልኝ የምፈልገው ከ16 በኋላ ያለውን አሥር ዓመት ነው። ትምህርት ይቁም አይቁም የሚለው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ጃበር በ1994 ክሳር ሄላል በምትባል የቱኒዚያ ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በሱስ (Sousse) አካባቢ ነው። ራኬት ያስጨበጠቻት እናቷ ሳሚራ ናት። ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ክለቡ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው ልጆቹ የሚለማመዱት በአካባቢው ሆቴሎች ሜዳ ላይ ነበር። «እኛ አገር እኮ ሜዳ የለም» ለሚሉኝ ወላጆች ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። በ12 ዓመቷ ወደ ቱኒስ ሄዳ ብሔራዊው የስፖርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። ትምህርት ቤት ነው የገባችው፤ ልምምዱና ትምህርቱ አብረው የሚሄዱበት።

በ2010 የሮላንድ ጋሮስ ታዳጊዎች ፍጻሜ ደርሳ በዩክሬናዊቷ ኤሊና ስቪቶሊና ተሸነፈች። በዓመቱ ተመልሳ መጣችና የፖርቶ ሪኮዋን ሞኒካ ፑዊግን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አሁን የሁለቱን ቀጣይ መንገድ ያነጻጽሩት። ያን ቀን የተሸነፈችው ፑዊግ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለአገሯ ወርቅ አጠለቀች። ያሸነፈችው ጃበር ግን ያኔ ገና ከዓለም ምርጥ 100 ውጪ ነበረች። የታዳጊዎች ዋንጫ ልጅቷ ተሰጥኦ እንዳላት ይናገራል። መቼ እንደምትደርስ አይናገርም።

ለምን ይህን ያህል ዘገየች? አጨዋወቷ አንዱ ምክንያት ነው። ጃበር ኳሷን ከመረቡ ጀርባ ቀስ አድርጋ መጣል («ድሮፕ ሾት» ይሉታል) የምትወድ፣ ቆርጣ የምታዞር ተጫዋች ናት። በእጇ ሃያ ዓይነት ምት ያላት ልጅ የትኛውን መቼ እንደምትመታ ለመማር ጊዜ ይወስድባታል። ሁለት ምት ብቻ ያላት ልጅ ቶሎ ትበስላለች፤ ምርጫ የለባትማ። ልጅዎ እንዲህ በእጇ የምትጫወት ዓይነት ከሆነች የሚጠብቁትን ጊዜ ከወዲሁ ያስረዝሙት። ሌላው ምክንያት ገንዘብና ጉዞ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከ2012 ጀምሮ ዓመታቱን ያሳለፈችው በትንንሽ ውድድሮች ነው። ጋዜጣ የማይጽፍላቸው፣ ተመልካቹ የተጫዋቾቹ አሰልጣኝና ዘመድ ብቻ የሆነባቸው ውድድሮች ናቸው። በ2017 ሮላንድ ጋሮስ ላይ በማጣሪያው ተሸንፋ ነበር። ከዋናው ድልድል ሰው ሲቀር ከማጣሪያ ተሸናፊዎች ውስጥ የሚተካ ይኖራል፤ «ለኪ ሉዘር» ይሉታል፣ ዕድለኛ ተሸናፊ። ጃበር በዚህ በር ገብታ በዓለም ምርጥ አሥር ውስጥ የነበረችውን ዶሚኒካ ቺቡልኮቫን አሸነፈች፤ ሦስተኛው ዙር ደረሰች። በዚያው ዓመት ምርጥ 100 ውስጥ ገባች። በ2018 ሞስኮ ላይ ከማጣሪያ ተነስታ ፍጻሜ ደረሰች፤ የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል 6ለ2 አሸንፋ ነበር፣ በመጨረሻ ግን በዳሪያ ካሳትኪና ተሸነፈች። በ2021 በርሚንግሃም ላይ የመጀመሪያዋን ዋንጫ ስታነሳ በፍጻሜው የገጠመቻት ያቺው ካሳትኪና ናት። 7ለ5፣ 6ለ4። ደብሊው ቲ ኤ ከተመሠረተበት ከ1973 ጀምሮ ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ዓረብ ሴት ሆነች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2021 ኦክቶበር ምርጥ አሥር ገባች። በሜይ 2022 ማድሪድን ወሰደች፤ ይህ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ከግራንድ ስላም፣ ቀጥሎ ያለው የ1000 ነጥብ ውድድር ነው። በጁን 2022 የዓለም ሁለተኛ ሆነች። ቀጥሎ ዊምብልደን ፍጻሜ። የመጀመሪያውን ክፍል 6ለ3 ካሸነፈች በኋላ ኤሌና ሪባኪና 6ለ2፣ 6ለ2 ገለበጠችባት። በዚያው ዓመት በዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ በኢጋ ሽቪዮንቴክ ተሸነፈች። በ2023 ዊምብልደን ላይ አንድሬስኩን፣ ክቪቶቫን፣ ሪባኪናንና ሳባሌንካን፣ አራት የግራንድ ስላም ባለቤቶችን በተከታታይ ጥላ እንደገና ፍጻሜ ደረሰች። በማርኬታ ቮንድሩሾቫ 6ለ4፣ 6ለ4 ተሸነፈች። ሜዳው መሃል ቆማ ዕንባዋ እየወረደ «በሙያ ዘመኔ ካጋጠመኝ ሽንፈት ሁሉ የሚያምመኝ ይህ ነው» አለች። እኔ ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ቤልጂየማዊቷ የቀድሞ ተጫዋች ኪም ክላይስተርስ አጽናንታታለች፤ እሷም የመጀመሪያውን ግራንድ ስላም በ2005 ከማሸነፏ በፊት አራት ፍጻሜ ተሸንፋለችና።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። የዓለም ሁለተኛ የሆነች፣ ለአፍሪካ ሴቶች ቴኒስ በር የከፈተች ተጫዋች እስከ 2023 መጨረሻ የሰበሰበችው የነጠላ ዋንጫ ብዛት አምስት ነው። ግራንድ ስላም አላሸነፈችም። ታዲያ የእሷ ሙያ «አልተሳካም» የሚል አለ? ልጅዎን በዋንጫ ቁጥር የሚለኩ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ወደ «በ16 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ትሆናለች» ልምጣ። ፕሮፌሽናል መሆን እንደ መንጃ ፈቃድ የሚወጣ ነገር አይደለም። በዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን በአይ ቲ ኤፍ ተመዝግባ፣ የገንዘብ ሽልማት ያለው ውድድር ገብታ ብትጫወት በወረቀት ደረጃ ፕሮፌሽናል ናት። የማይከፍል ሙያ ግን ሙያ አይደለም። ደግሞም የዕድሜ ሕግ አለ። ከ14 ዓመት በታች ያለች ልጅ በፕሮፌሽናል ውድድር መጫወት አትችልም። ከ14 በኋላም በዓመት የሚፈቀድላት የውድድር ብዛት ገደብ አለው፤ ገደቡ ሙሉ በሙሉ የሚነሳው 18 ሲሞላት ነው። ሕጉ እንዲጠብቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዷ ጄኒፈር ካፕሪያቲ ናት። በ1990 በ13 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ሆና በዚያው ዓመት ሮላንድ ጋሮስ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ደክሟትና ተሰላችታ ከሜዳ ጠፋች። ግራንድ ስላም በነጠላ ያሸነፈችው በ2001 ተመልሳ ነው። አሰልጣኙ በ16 ዓመቷ የሙሉ ጊዜ ፕሮግራም ሊያወጣላት ቢፈልግ እንኳን ሕጉ ራሱ አይፈቅድለትም።

ትክክለኞቹን መድረሻዎች የሚያሳየው የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። የአንዲት ተጫዋች ደረጃ ባለፉት 52 ሳምንታት ካገኘቻቸው ነጥቦች ይሰላል። ዓመት ሲሞላው ነጥቡ ይረግፋል፤ መልሳ ማግኘት አለባት። በዚያ ላይ ነጥብ ሁልጊዜ ሙሉውን አያሳይም። ጃበር በ2022 ዊምብልደን ፍጻሜ ስትደርስ ያገኘችው ነጥብ ዜሮ ነው። ዊምብልደን የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን በመከልከሉ ደብሊው ቲ ኤ የዚያን ዓመት ውድድር ነጥብ ሰርዞት ነበር።

እኔ ከዕድሜ ይልቅ የማያቸው ሦስት ደረጃዎች አሉ። አንደኛው የመጀመሪያዋን የደረጃ ነጥብ ማግኘት ነው። ይህ የሚገኘው 15 ሺህ ዶላር ሽልማት ባላቸው በዝቅተኞቹ ውድድሮች ላይ ነው። 15 ሺህ ዶላሩ የአሸናፊዋ እንዳይመስልዎት፤ የሁሉም ተጫዋቾች ድምር ነው። በመጀመሪያው ዙር የወጣች ልጅ የአንድ ቀን የሆቴል ሂሳብ ይሸፈንላት ይሆናል። ሁለተኛው ወደ 230ኛ ደረጃ አካባቢ መድረስ ነው፤ እዚያ ላይ የግራንድ ስላም ማጣሪያ በር ይከፈታል። ሦስተኛው ምርጥ 100 ነው። የግራንድ ስላም ዋና ድልድል 128 ሰው ይይዛል፤ 104ቱ በደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ፣ 16ቱ ከማጣሪያ፣ 8ቱ በዋይልድካርድ፣ ማለትም በአዘጋጁ ግብዣ። በ2025 ዊምብልደን በመጀመሪያው ዙር ተሸንፋ የወጣች ተጫዋች 66 ሺህ ፓውንድ ተከፍሏታል። በአንድ በኩል ውድድሩ በሙሉ 15 ሺህ ዶላር፣ በሌላ በኩል አንድ ሽንፈት 66 ሺህ ፓውንድ። ሙያው እንጀራ የሚሆነው ከዚህ መስመር ወዲያ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ያሉትን ዓመታት የሚከፍለው ወላጅ፣ ስፖንሰር ወይም ፌዴሬሽን ነው።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ መልክ የለም። ኤማ ራዱካኑ በ2021 ከማጣሪያ ተነስታ ዩኤስ ኦፕንን ስታሸንፍ 18 ዓመቷ ነበር። ፍላቪያ ፔኔታ ያንኑ ዋንጫ በ2015 ያነሳችው በ33 ዓመቷ ነው። ቻይናዊቷ ሊ ና ቴኒሱን ትታ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በ2004 ተመልሳ፣ በ2011 በ29 ዓመቷ ሮላንድ ጋሮስን አሸነፈች። ዩኒቨርሲቲ መግባት በሩን አልዘጋባትም።

ስለ አዲስ አበባ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ይህን ከሜዳ ውጪ ያለ ሰው አያየውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ይርቃል። ከ1219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ለብቻው የተሠራ ኳስ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንጫወተው በተገኘው ነው። አንድ ጊዜ 14 ዓመት የሞላትን ጎበዝ ልጅ ይዤ ባሕር ዳርቻ ወዳለ ከተማ ለውድድር ሄድኩ። አዲስ አበባ ላይ ሰርቯን ማንም አይመልሰውም ነበር። እዚያ የመጀመሪያዋን ፎርሃንድ መታች፤ ኳሱ መረቡ ሥር ወደቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ዞራ አየችኝ። ራኬቱን አገላብጣ ገመዱን በጣቷ ነካካችው፣ የተበላሸ መስሏት። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ኳሱን ሜዳው ውስጥ ለማስቀረት እጇን ስትቆጥብ ኖራ፣ አሁን ሙሉ ክንዷን አውጥታ እንድትመታ ተጠየቀች። በ40 ደቂቃ ተሸነፈች። ልጅዎ እኩዮቿን ሁሉ ማሸነፏ ደስ ይላል። ግን እነዚያ እኩዮች ስንት ናቸው? በየሳምንቱ የምትገጥማቸው ያው ስምንትና አሥር ልጆች ከሆኑ አጨዋወታቸውን በቃሏ ታውቀዋለች። ቀን ሙሉ መለማመድ ይህን ጉድለት አይሞላውም።

ታዲያ ምን መንገድ አለ? ትምህርት አቁሞ የሙሉ ጊዜ ልምምድ አንዱ ነው፤ ከላይ ባልኩት ምክንያት አልመክርም። ውጭ አገር ያለ የግል አካዳሚ ሁለተኛው ነው። ዋጋው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም፤ የሚችል ቢኖርም ልጅን በ13 ዓመቷ ብቻዋን መላክ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው መንገድ ከጎረቤታችን ከኬንያ ታይቷል። አንጄላ ኦኩቶዪ ናይሮቢ ውስጥ አያቷ ያሳደጓት ልጅ ናት። በአይ ቲ ኤፍና በአፍሪካ ቴኒስ ኮንፌዴሬሽን ማዕከል ሠለጠነች፣ ወደ ሞሮኮው ማዕከል ተሻገረች። በ2022 ከኔዘርላንዷ አጣማሪዋ ጋር የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ አነሳች፤ ለኬንያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ምን አደረገች? አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። በማርች 2024 አክራ ላይ በአፍሪካ ጨዋታዎች በነጠላ ወርቅ አመጣች። ግብፃዊቷ ማያር ሸሪፍም አሜሪካ ፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ተምራ ነው በ2022 ፓርማ ላይ ለአገሯ የመጀመሪያውን የደብሊው ቲ ኤ ዋንጫ ያስገኘችው። አሜሪካዊቷ ዳንየል ኮሊንስ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታ በ2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደርሳለች። ዩኒቨርሲቲው ሜዳ፣ አሰልጣኝ፣ ሐኪምና በየሳምንቱ ግጥሚያ ይሰጣል። ለኛ ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ያለ 12ኛ ክፍል ውጤት ግን ይህ በር አይከፈትም። አሰልጣኙ ዝጉት የሚልዎት በር ይህ ነው።

መጠንቀቅ ያለብዎት ነገሮች አሉ። ልጅዎ በማደግ ላይ ናት። በሳምንት የምትለማመድበት ሰዓት ከዕድሜዋ ቁጥር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 13 ከሆነች 13 ሰዓት። የትከሻ ወይም የወገብ ሕመም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው፤ «ይለቃታል» ተብሎ አይታለፍ። ጃበርን ራሷን በ2024 ከሜዳ ያስወጣት የትከሻ ጉዳት ነው። ለጉዞ ከአሰልጣኝ ጋር ብቻዋን አትላክ፤ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮ ይሂድ። አሰልጣኙ ጥሩ ሰው ቢሆንም እንኳ። ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆ «ስኮላርሺፕ አመጣለሁ» የሚል ደላላ ሲመጣ በሩን ይዝጉ። የሽልማት ገንዘብ ከመቀበሏ በፊት ደግሞ ሊገቡበት ያሰቡትን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይጠይቁ፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት በዚህ ላይ የራሱ ደንብ አለው።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከትምህርት ቤት አያውጧት። በዚህ ጉዳይ አባቷ ልክ ናቸው። የ8ኛ ክፍሉን ፈተና ትውሰድ፣ 9ኛ ትግባ፣ በሳምንት አምስት ቀን ትለማመድ። ለልምምድ ሊያወጡት ያሰቡትን ተጨማሪ ገንዘብ ወደ ጉዞ ያዙሩት። 13 ዓመት የሞላት ልጅ በአይ ቲ ኤፍ የታዳጊዎች ውድድር መመዝገብ ትችላለች። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ናይሮቢ ወይም ሌላ ቅርብ ከተማ ሄዳ ትጫወት። ብትሸነፍም ችግር የለውም፤ መጀመሪያ ላይ መሸነፏ አይቀርም። ፌዴሬሽኑ ለምሥራቅ አፍሪካ ታዳጊዎች ውድድር ምርጫ ሲያደርግ ስሟ እንዲገባ ቀደም ብለው ይጠይቁ። 16 ሲሞላት ጨዋታዋን በቪዲዮ መቅረጽና ለዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች መላክ ትጀምር። ፕሮፌሽናል ትሁን አትሁን የሚለው በ21 ወይም በ22 ዓመቷ፣ ዲግሪዋን ይዛ፣ ራሷ የምትወስነው ይሁን።

አሰልጣኙን ሲያገኙት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። ባለፈው ዓመት ልጅዎ ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቃቸውን ስንት ልጆች ገጠመች? ከአሥር በታች ካለዎት ስለ ትምህርት መተው የሚያወራው ንግግር እዚያው ይቁም፤ የሚቀጥለውን ውድድር ቀንና ቦታ ይንገርዎት።